«የግንዛቤ እጥረት» ብለን ጀምረን ነበር

ይህን የምጽፈው ዘንድሮ የክፍል ፕሮጀክት ለምትጀምሩ ተማሪዎች ነው። በተለይ «በዲዛይን ቲንኪንግ ሥሩ፣ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) መጠቀም ይፈቀዳል፣ ከአካባቢያችሁ አንድ እውነተኛ ችግር ይዛችሁ ኑ» ለተባላችሁ። እኛም አምና ልክ እንዲሁ ተባልን። አራት ነበርን፤ ሁላችንም ሦስተኛ ዓመት። ሰነፎች አልነበርንም። ሌሊት ሌሊት ሠርተናል። ሆኖም የመጀመሪያው ሥራችን ገምጋሚዎች ፊት ወደቀ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይግላል። እናንተ በዚያ እንዳታልፉ ብዬ ነው።

ከቡድናችን እኔና አንድ ጓደኛዬ የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ቦታውን ለማታውቁት፣ የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚጀምርበት የከተማዋ ጫፍ ነው። ትንሽ ራቅ ሲሉ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት ማሳ አለ። አፈሩ መረሬ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ጫማ ከእግር ይነጥቃል። እዚህ እየኖረ መሀል ከተማ የሚሠራ ሰው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከቤቱ ወጥቶ የትራንስፖርት ሰልፍ መያዝ አለበት። ይህን ሰዓት ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ርዕስ መምረጡ አልከበደንም። ከብሎካችን ጀርባ የዝናብ ውሃ መውረጃ ቦይ አለ። ግማሹ በፌስታል፣ በዳይፐርና በሽንኩርት ልጣጭ ተሞልቷል። ክረምት ሲገባ ይደፈንና ውሃው ግራውንድ ላይ የሚኖሩት ሰዎች ቤት ይገባል። ለእኔ ደግሞ ጉዳዩ ሌላም ትዝታ አለው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሲሞት ልጅ ነበርኩ። የዚያን ሰሞን ልቅሶ አይረሳኝም። ስለዚህ ርዕሱን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከልቤ ነበር።

ዲዛይን ቲንኪንግ ሰውን ከመረዳት ተነስቶ ችግር የመፍቻ ዘዴ ነው። የተማርነው አሜሪካ ያለው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዲዛይን ትምህርት ቤት ባስተዋወቀው ባለ አምስት ደረጃ አካሄድ ነው። መጀመሪያ ችግሩ ያለበትን ሰው ቀርቦ መረዳት። ቀጥሎ ችግሩን ጥርት ባለ ዓረፍተ ነገር መበየን። ከዚያ ሐሳብ ማፍለቅ፣ ናሙና መሥራት፣ መሞከር። የተሰጠን ጊዜ ስድስት ሳምንት ነበር። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች የሰጠናቸው ግን አንድ ሌሊት ብቻ ነው። የቀረውን ጊዜ ሁሉ አፕሊኬሽን ስንሠራ ከረምን።

ቻትጂፒቲ የተባለው ጥያቄ መላሽ ኤአይ ኅዳር 2015 ዓ.ም. ሲወጣ እኛ የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈትነን ውጤት የምንጠብቅ ልጆች ነበርን። የዩኒቨርሲቲ ሕይወታችንን የጀመርነው ከእሱ ጋር ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ እሱን መጠየቅ ለእኛ ደብተር እንደ መክፈት ነው። ያን ሌሊትም በእንግሊዝኛ «በአዲስ አበባ ዳርቻ ኮንዶሚኒየሞች ስላለው ቆሻሻ የችግር መግለጫ ጻፍልን» አልነው። አፍታም አልቆየ። ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «በከተማዋ ዳርቻ የሚኖሩ ነዋሪዎች በግንዛቤ እጥረት ምክንያት ደረቅ ቆሻሻን በአግባቡ አያስወግዱም።» ደስ አለን። ከዚህ በፊት የሆነ ቦታ ያነበብነው መሰለን። ያ ራሱ ሊያስጠነቅቀን ይገባ ነበር።

ከዚያ የባሰውን አደረግን። ሰውን የመረዳቱ ደረጃ መሞላት አለበት። ስለዚህ «አምስት ምናባዊ ነዋሪዎች ፍጠርልን» አልነው። ፈጠረ። አንዷ የ45 ዓመት ሴት፣ የአራት ልጆች እናት ናት። «ስለ ቆሻሻ አወጋገድ ያስተማረን ሰው የለም» ትላለች። አነጋገሯ ሆድ ይበላል። ስላይዱ ላይ በትልቁ ለጠፍናት። «ምናባዊ» የሚለውን ቃል ግን አልጻፍነውም። በመቶኛ የተቀመጠ አንድ ቁጥርም ሰጥቶን ነበር። እሱንም ከነምንጩ አስገባነው። ምንጩን ከፍቶ ያየ ከመካከላችን ማንም አልነበረም።

የማቅረቢያችን ቀን ደረሰ። አፕሊኬሽኑ ይሠራል፣ ቀለሙ ያምራል። ነዋሪው ስለ ቆሻሻ ጥያቄ እየመለሰ ነጥብ ይሰበስብበታል። አንዲት ገምጋሚ መምህርት እጃቸውን አነሱና «ይህቺ እናት የስንተኛ ብሎክ ነዋሪ ናት?» ብለው ጠየቁን። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። የምር ሊያገኟት የፈለጉ ነው የሚመስለው። አራታችንም ዝም አልን። ሌላው ገምጋሚ ምንጭ ብለን የጻፍነውን ጥናት በስልካቸው ፈለጉ። በዚያ ስም የተጻፈ ጥናት የለም። መምህርቷ ስላይዱን ትንሽ ዝም ብለው አዩት። «ልጆች፣ ሁለታችሁ እዚያው ሰፈር ነው የምንኖረው አላላችሁም? አንድ የጎረቤት በር እንኳን አላንኳኳችሁም?» አሉን። አልተቆጡም። አምስት ሳምንት ጨምረው እንደገና እንድናቀርብ ፈቀዱልን። ከመካከላችን አንዱ ግን በዚያው ቡድኑን ለቀቀ። ሦስት ቀረን።

ያን ማታ ቤት የገባሁት 2 ሰዓት አልፎ ነው። እናቴ ከእኔ ትንሽ ቀደም ብላ ገብታ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራለች። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ከዚያ እንዲሁ ሳላስበው «እማዬ፣ ግን ቦዩ ውስጥ ቆሻሻ የሚጥለው ማነው?» አልኳት።

ዝም አለች። ቆይታ «እኔም ጥያለሁ» አለችኝ።

የእኛ ቤት በቀን ሁለቴ ይጠረጋል። እጅ መታጠብ ያስተማረችኝ እሷ ናት። የጎረቤት ልጅ ደረጃ ላይ የከረሜላ ልጣጭ ቢጥል አባብላ ታስነሳዋለች። እኔ ልጇ ደግሞ ሰው ፊት ቆሜ የግንዛቤ እጥረት አለባት ብያለሁ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ለመጻፍ ይከብደኛል። «ታዲያ ምን ላድርግ?» አለች። «ሰብሳቢዎቹ የሚመጡት ጠዋት 3 ሰዓት ነው። እኔ 11 ሰዓት ወጥቻለሁ። ደረጃው ላይ ባስቀምጠው ውሻ ይበትነዋል፣ ኮሚቴው ይቆጣል። ቤት ውስጥ ሦስት ቀን ሲያድር ይሸታል። ጠዋት ጨለማ ነው፣ ቦዩ ደግሞ መንገዴ ላይ ነው...» አልጨረሰችውም። እግሯን አደረቀችና ወደ ጓዳ ገባች።

በነጋታው ለሁለቱ ጓደኞቼ ስነግራቸው አንደኛዋም ወደ እናቷ ደወለች። መልሱ ብዙም አይለይም።

ኤአዩ ለምን እንደዚያ እንዳለን የገባን ከዚህ በኋላ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች የሚሠሩት ከሰበሰቡት የትየለሌ ጽሑፍ ተነስተው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል በመገመት ነው። ስለ እኛ ሰፈሮች የተጻፈው ደግሞ አብዛኛው ሪፖርት ነው። ስለ ቆሻሻም ሆነ ስለ ትራፊክ ወይም ስለ ክትባት ሪፖርት ሲጻፍ «የግንዛቤ እጥረት» አይቀርም። ስብሰባ ላይ ይባላል፣ ሬዲዮ ላይ ይባላል። ኤአዩ የራሳችንን ወረቀት መልሶ አነበበልን። የእናቴ 11 ሰዓት ግን የትም አልተጻፈም፤ ስለዚህ ሊያውቀው አይችልም። እባካችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። ከጻፋችሁት የችግር መግለጫ ላይ የሰፈራችሁን ስም አውጡና የሌላ ሰፈር ስም አስገቡበት። ያው ሆኖ ከተነበበ ገና አልጀመራችሁም።

እንደገና ስንነሳም ሌላ ስህተት ሠራን። መቼም ሰው ማነጋገር አለብን ብለን ኤአዩን መጠይቅ አዘጋጅልን አልነው። 20 ጥያቄ ሰጠን። አስተረጎምነው። መታወቂያችንን አንገታችን ላይ አንጠልጥለን፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን በር ማንኳኳት ጀመርን። «ደረቅ ቆሻሻን በአግባቡ አለማስወገድ ጤናን ይጎዳል ብለው ያምናሉ?» ስንል «አዎ» ይሉናል። «ቆሻሻ የትም ጥለው ያውቃሉ?» ስንል «በፍጹም።» 23 ቤት ሄድን። 23ቱም ቦዩ ውስጥ ጥለው አያውቁም። ቦዩ ግን ሞልቷል።

የነቃነው አንድ አባት በሩን ገርበብ አድርገው «ከወረዳ ናችሁ?» ሲሉን ነው። ቋንቋችን የወረዳ ቋንቋ ነበር። ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ «ደረቅ ቆሻሻ» አይልም። ቆሻሻ ነው፣ ጥራጊ ነው። ወረቀት የያዘ ሰው ደግሞ ወይ ሊቀጣ ወይ ሊመዘግብ የመጣ ነው። ይሉኝታ አለ፤ እንግዳን በር ላይ አቁሞ ነውሩን የሚዘረዝር ሰው የለም። ጥያቄዎቻችንም መልሱን አስቀድመው ይናገሩ ነበር። ጤና ይጎዳል ወይ ተብሎ አይጎዳም የሚል ማን አለ?

«ለምን» የሚለው ቃልም አስቸገረን። ከጃፓኑ ቶዮታ የመጣ አምስት ጊዜ ለምን ብሎ የመጠየቅ ዘዴ አለ። ክፍል ውስጥ ለማሽን ብልሽት ስንሠራው ግሩም ነው። ሰው ፊት ግን «ለምን እዚያ ጣሉት?» በአማርኛ ጥያቄ አይደለም። ወቀሳ ነው። ሁለተኛው ለምን ላይ ሰዉ ይዘጋል። ስለዚህ ለምንን ለራሳችን አስቀረናት። ማታ ስንሰበሰብ ማስታወሻችንን እያየን እርስ በርስ እንጠያየቅባት ነበር። ለሰው የምናቀርበው አንድ ጥያቄ ብቻ ሆነ፦ «እስቲ ትናንት ከእንቅልፍዎ ከተነሱ ጀምሮ እስኪተኙ የነበረውን ይንገሩኝ።» ትናንት የሚለው ቃል ብዙ ያግዛል። «ብዙ ጊዜ ምን ያደርጋሉ?» ካላችሁ ሰው ማድረግ ያለበትን ይነግራችኋል። ትናንት ካላችሁ ያደረገውን ያስታውሳል።

ወረቀቱን ቤት ትተን መሄድ ጀመርን። ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ የምትጠጣበት ቡና ላይ አብሬያት ተቀመጥኩ። ለምን እንደመጣሁ መጀመሪያ ተናገርኩ፤ ይህን አትዝለሉት፣ የሰውን ወሬ ሳያስፈቅዱ መውሰድ ነውር ነው። አቦሉ ላይ ስለ ልጆች ትምህርትና ስለ ዘይት ዋጋ ተወራ። ቶናው ላይ እናቴ ራሷ የእሷን አነሳች። ከዚያ ሌላዋ ቀጠለች፣ ከዚያ ሌላዋ። አንዷ ዳይፐሩን በቦርሳዋ ይዛ እስከ ሳሪስ ሄዳ መሥሪያ ቤቷ ገንዳ ውስጥ እንደምትጥል ነገረችን። ሁላችንም ዝም ብለን አየናት። ስድስት ወር ሙሉ እንዲህ አድርጋለች።

ትልቁን ነገር ያገኘነው ግን ከሰብሳቢዎቹ ነው። በማኅበር የተደራጁ ናቸው፣ አብዛኞቹ ሴቶች። ሁለት ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምረን አብረናቸው ደረጃ ወጣን። በር ያንኳኳሉ። ቁልፍ ነው። ያንኳኳሉ። ቁልፍ ነው። ከአንድ ብሎክ ግማሽ ማዳበሪያ ሳይሞላ ይወርዳሉ። የቆሻሻ ማንሻው ክፍያ ከውሃ ቢላችን ጋር ተደምሮ ይመጣል፤ ነዋሪው በሩ ተከፈተም አልተከፈተም ይከፍላል። እነሱ ግን የሚያገኙት ባመጡት መጠን እንደሆነ ነገሩን። አንዷ እናት አራተኛ ፎቅ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው «ወገቤ ተቆረጠ፣ በባዶ ደረጃ ነው የተቆረጠው» አሉ። የሚከፍለውም የሚሰበስበውም ተጎጂ ነው። በመሀከላቸው ያለው አራት ሰዓት ነው።

ኤአዩን ተመልሰን የያዝነው ከዚህ በኋላ ነው። አሁን የምናሳየው ነገር ነበረን። እዚህም ቢሆን የተጎዳንባቸውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ድምፅ ቀድተን ወደ ጽሑፍ እንዲቀይርልን ሞከርን። አማርኛው ተበላሸ፤ ደረጃ ላይ የተቀዳ፣ ሦስት ሰው ባንዴ የሚያወራበት ድምፅ ነው። ትተነው ማታ ማታ በእጃችን ጻፍነው። ከዚያ ማስታወሻውን ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉመን «ተመሳሳዩን ሰብስብ» አልነው። «ወገቤ ተቆረጠ» ያሉትን እናት በስለት የተጎዳ ሠራተኛ ብሎ የሥራ ላይ አደጋ ውስጥ መደባቸው። «ጎረቤት ምን ይለኛል ብዬ በጨለማ ነው የማወጣው» ያለችውን ደግሞ የደኅንነት ስጋት አደረገውና የመንገድ መብራት እንዲተከል ሐሳብ አቀረበ። እሷ የፈራችው ሌባ አይደለም። ማስታወሻውን በቃሌ ባላውቀው ኖሮ አምኜው ነበር።

ስለዚህ በአማርኛ ስጡት፣ በሰዎቹ ቃል። አማርኛ ሲሆን ነፃው አገልግሎት ቶሎ ያልቅባችኋል። ፊደላችንን ከእንግሊዝኛው ይልቅ ወደ ብዙ ቁራጭ ከፋፍሎ ነው የሚያነበው፤ ያ ነው ቶሎ የሚጨርሰው። እኛ በትንሽ በትንሹ እየቆረስን እንሰጠው ነበር። ለእያንዳንዱ ማስታወሻ ቁጥር ሰጠን። «ከሰጠሁህ ውጭ ምንም አትጨምር፣ ለምትለው ነገር ሁሉ የማስታወሻውን ቁጥር ጥቀስ» እንላለን። ያኔም አልፎ አልፎ ይጨምራል፤ ቁጥሩን ይዛችሁ ተመልሳችሁ እዩ። ስም፣ ስልክና የብሎክ ቁጥር በፍጹም አታስገቡ። ሰዎቹ ያወሩት ለእናንተ ነው።

ማስታወሻውን መጀመሪያ ራሳችን በተለጣፊ ወረቀት ግድግዳ ላይ ደረደርነው። ሁለት ማታ ፈጀ፣ ተጨቃጨቅንበት። ኤአዩን የጠየቅነው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። እሱ ቀድሞ ከደረደረላችሁ ዓይናችሁ ሌላ ማየት ያቅተዋል።

በእኔ ፍርድ ኤአይ ለዚህ ሥራ በጣም የሚጠቅመው መልስ ሲሰጥ አይደለም። እኛ «ይህ ብያኔ ስህተት ቢሆን ኖሮ ሰፈሩ ውስጥ ምን እናይ ነበር?» ብለን ጠየቅነው። «ቀኑን ሙሉ ሰው የሚኖርባቸው ቤቶችም ቦዩ ውስጥ የሚጥሉ ከሆነ ሰዓቱ ዋናው ምክንያት አይደለም» አለን። እውነት ነው! አላሰብነውም ነበር። ሄደን አየን። ጡረተኞችና ሕፃን የሚያሳድጉ እናቶች ያሉባቸው ቤቶች አብዛኞቹ ለሰብሳቢዎቹ ይሰጣሉ። ሁለት ቤቶች ግን አይሰጡም። እነዚያን ሁለት ቤቶች አልረሳናቸውም፤ ለምን እንደሆነ የገባን ዘግይተን ነው። ሌላው ጥሩ አጠቃቀም «ከእነዚህ ማስታወሻዎች ውስጥ ያላነጋገርናቸው እነማን ናቸው?» ማለት ነው። «የብሎኩ ጥበቃ» አለ። የብሎካችን ጥበቃ ሌሊቱን ሙሉ በር ላይ ናቸው። ማን መቼ ምን ይዞ እንደሚወጣ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። እኛ በየቀኑ ሰላም ብለናቸው እናልፍ ነበር።

ብያኔያችንን በሦስተኛው ሳምንት እንዲህ ብለን ጻፍነው። ማነው፣ ምን ያስፈልገዋል፣ ለምን የሚሉት ሦስቱ እንዲኖሩበት ተጠነቀቅን። «ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጥቶ ማታ 2 ሰዓት የሚመለስ ቤተሰብ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ለሚመጡት ሰብሳቢዎች ቆሻሻውን የሚያስቀምጥበት፣ ውሻና ሽታ የማያስቸግርበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱም ሁለቱ በአንድ ደረጃ እየተመላለሱ አይገናኙም።»

ከዚያ ጓደኛዬ አንድ ሐሳብ አመጣች። ወረቀቱን በትልቁ ጽፈን ብሎኩ መግቢያ ላይ እንለጥፈው፣ ከጎኑ እስክሪብቶ በክር እንሰረው አለች። ከላይ «ይህ እውነት ነው? ካልሆነ ያርሙልን» ብለን ጻፍን። እኔ ማንም አይነካውም ብዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንድ ሰው «ቤተሰብ» የሚለውን ቃል ሰርዞ ከላይ «ተከራይ» ብሎ ጽፎ አገኘን።

አንድ ቃል ናት። ግን ሳምንቱን ሙሉ አመሰችን። ሄደን ጠየቅን። የሰብሳቢዎቹ ቀን ሲቀየር፣ ኮሚቴው ነገር ሲወስን፣ የሚነገረው በብሎኩ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ግሩፑ ውስጥ ያሉት የቤት ባለቤቶች ናቸው። ብዙዎቹ ባለቤቶች ደግሞ እዚህ አይኖሩም፤ አከራይተው ሌላ ሰፈር ናቸው። ሰዓቱን የሚያውቀው የማይኖርበት ሰው፣ የሚኖርበት ሰው ደግሞ የማያውቅ ሆነ። እነዚያ ቀኑን ሙሉ ቤት እየዋሉ የማይሰጡት ሁለት ቤቶችም ተከራዮች ነበሩ። ሰብሳቢ መኖሩንም አያውቁም። ሲያንኳኩ ለማኝ ወይም ሻጭ መስሏቸው አይከፍቱም። ይህን የትኛውም መጠይቅ አያወጣውም ነበር። ብያኔያችሁን ወደ ሰዎቹ መልሳችሁ ውሰዱት፣ እንዲሰርዙትም መንገድ ስጧቸው። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ እሱን ውሰዱ።

ሁለተኛው ማቅረቢያ ላይ አፕሊኬሽን አልነበረንም። የተሰረዘውን ወረቀት ይዘን ገባን። መምህርቷ ወረቀቱን ተቀብለው ሲያነቡ ቆዩና «ይህን የሰረዘውን ሰው አገኛችሁት?» አሉ። አላገኘነውም አልናቸው፤ እውነቱ ይኸው ነበር። አለፍን።

ሙከራው የተጀመረው ሚያዝያ ላይ ነው። ከየቤቱ በተዋጣ ገንዘብ ኮሚናሉ አጠገብ በሽቦ የታጠረ፣ በር ያለው ትንሽ ቤት ተሠራ። ማታና ሌሊት ሰዉ ያስቀምጣል፣ ቁልፉ ጥበቃው ዘንድ ነው፣ ጠዋት 3 ሰዓት ሰብሳቢዎቹ ከዚያው ያነሳሉ። መጀመሪያ ሳምንት ከሌላ ብሎክ አሮጌ ፍራሽ ተጣለበት። ግራውንድ ያሉት ሽታ ብለው አቤት አሉ፣ ቦታው ወደ ጥግ ተገፋ። ኮሚቴው ተከራዮችን ግሩፑ ውስጥ አስገባ፤ ለእኔ ከሽቦው ቤት የበለጠው ይህ ነው። ክረምት ላይ ጭቃው ጋሪያቸውን እየያዘ ሰብሳቢዎቹ ሁለት ሳምንት አልመጡም፣ ቦዩ እንደገና ሞላ። አሁን ተጠርጓል። እናቴ ፌስታሏን ይዛ በሌላኛው በር ትወጣለች።

ወረቀቱ ዛሬም መግቢያው ላይ አለ። በእርማት ላይ እርማት ሲበዛበት አዲስ እየጻፍን እንቀይረዋለን፤ አራተኛው ላይ ደርሰናል። ትናንት ስገባ ከታች በሰማያዊ እስክሪብቶ «እሑድስ?» የሚል ተጽፎ አየሁ። እሑድ ሰብሳቢዎቹ አይመጡም፤ እኛም ስለ እሑድ አንድም ማስታወሻ የለንም። ማን እንደጻፈው አላወቅኩም። ዛሬ ማታ ሰው ከሥራ ሲገባ ከአራተኛ ፎቅ ጀምሬ እጠይቃለሁ።